ከሞኬቱ ስር የከረመ ክረምት

የመኪና ሽታ ለባለቤቱ መጨረሻ የሚደርስ ወሬ ነው። እንግዳ ሰው በሩን ከፍቶ ገና አንድ እግሩን ሲያስገባ ይሰማዋል፤ ጨዋ ከሆነ ምንም ሳይናገር መስኮቱን ዝቅ ያደርጋል፣ ደፋር ከሆነ «ምን ሞቶበት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ባለቤቱ ግን ጠዋት ማታ ስለሚነዳው ለምዶታል። አእምሮ ሳይለዋወጥ የሚቆይን ሽታ በደቂቃዎች ውስጥ ችላ ይለዋል። ስለዚህ መኪናውን የሚመረምር ሰው በራሱ አፍንጫ ባይተማመን ይሻላል፤ ጎረቤት ጠርቶ ማስገባትና ፊቱን ማየት የበለጠ ይነግረዋል።

በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ይህ ወሬ የሚሰማበት ወቅት የታወቀ ነው፤ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ መስከረም ላይ። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስና በቡሬ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው አስፋልት እንጅባራ ሲደርስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር አልፏል። ዳንግላ ዝቅ ብላ 2,100 ሜትር ግድም ላይ ትገኛለች፤ በዓመት በአማካይ ወደ 1,600 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይወርድባታል። የአዲስ አበባው 1,200 ገደማ ነው። እንጅባራ ላይ ዝናቡ ከዳንግላም ይጠናል፤ ብርዱም እንደዚያው። ዝናቡ ግንቦት ላይ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ስለማይጨርስ ደጅ የሚያድር መኪና የዓመቱን ግማሽ ያህል ሳይደርቅ ይኖራል።

መኪኖቹ ደግሞ ያረጁ ናቸው። ውጭ አገር አንድ ዕድሜ ጨርሰው የመጡ ቪትዞችና ኮሮላዎች፣ አንሞትም ብለው እስካሁን የሚሄዱ ዲኤክሶች፣ ወንበራቸው ሦስት ጊዜ የተለበጠ ሚኒባሶች። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ይፋ ሆነ። እንግዲህ አሮጌ መኪና ይጠገናል፣ ይሸጣል፣ እንደገና ይሸጣል እንጂ አይጣልም። ሽታውም አብሮ ይሸጣል።

እምክ እምክ የሚለው ይህ ጠረን ከየት ይመጣል? ሻጋታና ባክቴሪያ በረጠበ ጨርቅ፣ በአቧራና በምግብ ፍርፋሪ ላይ ሲራቡ ወደ አየር የሚለቋቸው ተናኝ ኬሚካሎች ናቸው። አንደኛው ኦክቴኖል ይባላል፤ የእንጉዳይ ሽታ ያለው ነው። ሌላው ጂኦስሚን ነው፤ ናንሲ ገርበርና ሁበርት ለሸቫሊየ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1965 ለይተው ስም ያወጡለት። የሰው አፍንጫ ጂኦስሚንን በትሪሊዮን ጥቂት እጅ ብቻ ቢገኝ እንኳ ይለየዋል። የሚገርመው፣ የመጀመሪያው ዝናብ ደረቁን መሬት ሲመታው የሚነሳው ደስ የሚል የአፈር ሽታ ውስጥም ይኸው ጂኦስሚን አለ። ሜዳ ላይ ሰው ደረቱን ነፍቶ ይስበዋል፤ መኪና ውስጥ መስኮት ያስከፍታል።

ከዚህ አንድ ተግባራዊ ነገር ይከተላል። አፍንጫ ይህን ያህል ስል ከሆነ፣ ዘጠኝ አሥረኛውን ሻጋታ አጽድቶ አንዱን መተው ምንም እንዳልሠሩ ይቆጠራል። የመኪና ሽታ «ትንሽ ቀንሷል» ከተባለ በሁለተኛው ሳምንት ተመልሶ ይመጣል።

ጉዳዩ ምቾት ብቻም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ እርጥበትና ሻጋታ ባወጣው መመሪያ እርጥበት ያለበት ቤት ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች ለአስምና ለሌሎች የመተንፈሻ አካል ችግሮች የበለጠ እንደሚጋለጡ አስፍሯል። መመሪያው የተጻፈው ለቤት ነው፤ ነገር ግን የመስመር ሹፌር ቀኑን የሚውለው መኪናው ውስጥ ነው።

ውሃው ራሱ በብዙ በር ይገባል፤ የመጀመሪያው የተሳፋሪው ትንፋሽ ነው። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው በትንፋሹና በቆዳው በሰዓት 40 ግራም ግድም ውሃ ወደ አየር ይለቃል። ከእንጅባራ መናኸሪያ 12 ሰው ጭኖ የወጣ ሚኒባስ ሹፌሩና ረዳቱ ሲታከሉ 14 ሰው ይይዛል፤ ይህ በሰዓት ከግማሽ ሊትር በላይ ነው። ባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ከአንድ ሊትር የበለጠ ውሃ ይወጣል፤ መስኮቱ ከተዘጋ ከፊሉ በወንበሩ፣ በጣሪያው ጨርቅና በመስታወቱ ላይ ይቀራል። ዝናብ የጠጣ ጋቢ እና የቀለጠ ጭቃ የተሸከመ ጫማ ገና አልተቆጠሩም። መፍትሔው አንድ መስኮት ሁለት ጣት ያህል መክፈት ነበር፤ ግን ይህን የሞከረ ሰው ወዲያው ከኋላ ምን እንደሚሰማ ያውቃል፤ «ኧረ ዝጋው፣ ብርድ ሊያስመታን ነው!» በዚህ አገር የሚኒባስ መስኮት ለጌጥ የተሠራ ይመስላል።

ማታ የሚሆነው ደግሞ ከዚህ ይለያል። ሞቃት አየር ብዙ ውሃ ይሸከማል፣ ቀዝቃዛ አየር ጥቂት። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 23 ግራም ተን ይይዛል፤ በ8 ዲግሪ ከ8 ግራም ብዙም አይበልጥም። የትንሽ መኪና ውስጥ ሦስት ሜትር ኩብ ያህል ነው እንበል። ቀን ፀሐይ ያሞቀውና በእርጥበት የጠገበ ይህ አየር በእንጅባራ ሌሊት እስከ 8 ዲግሪ ከቀዘቀዘ 45 ግራም ያህል ውሃ፣ ማለትም ሦስት የሾርባ ማንኪያ፣ ከአየሩ ወጥቶ መስታወቱና ብረቱ ላይ ያርፋል። ጠዋት ሹፌሩ በእጅጌው የሚጠርገው እሱን ነው። ረፋድ ላይ ፀሐይ ስትወጣ እንደገና ይተናል፣ ማታ እንደገና ይወርዳል። መስኮቱ ድርግም ብሎ እስከተዘጋ ድረስ ያው ውሃ ሲወጣና ሲወርድ ይከርማል። «ፀሐይ ላይ አቆምኩት እኮ» የሚለው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ፀሐይ ውሃውን ከሞኬቱ ታስነሳዋለች፣ ከመኪናው የሚያስወጣው ግን ነፋስ ነው።

ከትንፋሽ የሚከፋው ቀጥታ የሚፈሰው ነው። የፊት መስታወቱ ግርጌ፣ ኮፈኑ የሚያልቅበት ቦታ ላይ የዝናብ መጥረጊያዎቹ የተተከሉበት ሸለቆ መሳይ ገንዳ አለ። ውሃው በጎንና በጎን ባሉ ቀዳዳዎች ወደ መሬት እንዲወርድ ነው የተሠራው። ባሕር ዛፍ ስር በሚቆም መኪና ላይ ግን ያ ገንዳ በቅጠል ይሞላል፤ ቀዳዳው ይደፈናል፣ ውሃው መውጫ ሲያጣ በአየር ማስገቢያው በኩል ወደ ተሳፋሪው እግር ይወርዳል። በሮችም ከታች የውሃ መውጫ ቀዳዳ አላቸው፤ የገጠር መንገድ ጭቃ ይደፍናቸዋል። በሩ ውስጥ፣ ከሽፋኑ ጀርባ፣ ውሃ ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ የሚያግድ ላስቲክ ተለጥፏል። መስታወት አልወጣ ሲል ሽፋኑን የሚፈታ ሠራተኛ ይህን ላስቲክ ይቀደዋል፣ ወይም ሙጫው ስለለቀቀ ጠቅልሎ ይጥለዋል። ከዚያች ቀን ጀምሮ በዘነበ ቁጥር ሞኬቱ ይጠጣል፤ ባለቤቱም ከስድስት ወር በፊት የተጠገነ መስታወት ከዛሬው ሽታ ጋር ዝምድና ይኖረዋል ብሎ አይጠረጥርም። ያረጀ የበር ጎሚኒ፣ የኋላ መብራት ዙሪያ የደረቀ ማሸጊያ፣ በደንብ ያልተጣበቀ አዲስ መስታወት፣ ሁሉም በር ናቸው።

ሞኬቱ ከላይ ሲነኩት ደረቅ ሊመስል ይችላል። ከስሩ ያለው ነው አታላዩ። ከጨርቅ ቁርጥራጭ ተጠቅጥቆ የተሠራ፣ ድምፅ እንዲያፍን የተነጠፈ ወፍራም ንጣፍ አለ፤ ውሃ ከጠጣ በቀላሉ አይተፋም። ለማወቅ የሚበቃው አንድ ጥቅል ሶፍት ነው። ሶፍቱን አጣጥፎ የተሳፋሪው እግር የሚያርፍበት ቦታ ላይ ማድረግ፣ በተረከዝ ተጭኖ እስከ ሠላሳ መቁጠር። ሶፍቱ ርሶ ከተነሳ ከስር ኩሬ አለ። ከዚያ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ የእጅ ባትሪ ይዞ ውስጥ ይንበረከካል፣ ሌላው ከጀሪካን ውሃ ቀስ እያለ ያፈሳል፤ መጀመሪያ በሩ ላይ፣ ቀጥሎ መስታወቱ ዙሪያ፣ በመጨረሻ ጣሪያው ላይ። ከላይ የጀመረ ሰው ውሃው በየት እንደገባ ሳይለይ ሁሉንም ያርሰዋል።

እዚህ ላይ ስለ ላቫጆ አንድ ነገር መባል አለበት። ነሐሴ ላይ «ውስጡንም እጠበው» ብሎ መኪናውን የሚያስገባ ባለቤት ሽታውን በገንዘቡ እየገዛ ነው። ወንበሩና ሞኬቱ በአረፋ ይታሻሉ፣ ላዩ ይጨመቃል፣ መኪናው ለሁለት ቀን የሳሙና መዓዛ ይሸታል። ሻጋታ ግን የረጠበ ነገር ላይ ለመነሳት አንድ ሁለት ቀን ይበቃዋል፤ በክረምት ደግሞ ያ ንጣፍ በአንድ ሁለት ቀን አይደርቅም። ለውስጥ እጥበት ጥሩው ወቅት የሚጀምረው መስቀል ካለፈ በኋላ ነው።

ማድረቁ ራሱ ትዕግሥት እንጂ ጥበብ አይጠይቅም። የፊት ወንበሮች ብዙውን ጊዜ በአራት ብሎን የታሰሩ ናቸው፤ ከስራቸው የኤርባግ ሽቦ ካለ መጀመሪያ የባትሪውን ገመድ መንቀልና ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። የበሩን ደፍ የሚሸፍነውን ፕላስቲክ አላቆ ሞኬቱን ቀና ማድረግ፤ ንጣፉ የሚወጣ ከሆነ አውጥቶ አጥር ላይ መስቀል፤ የማይወጣ ከሆነ ከስሩ ቀርቀሃ ወይም እንጨት አስገብቶ አየር ማሳለፍ። ቀርቀሃ ደግሞ በእንጅባራ ዙሪያ የሚጠፋ ነገር አይደለም። አራቱም በር ተከፍቶ፣ ነፋስ ባለበት ቀን፣ ላዩ በአንድ ቀን ይደርቃል፤ የውስጡ ግን ቀናት ይወስዳል። በሳሙና ውሃ ተነክሮ በተጨመቀ ጨርቅ ብረቱንና ፕላስቲኩን መጥረግ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ንጣፉ ጠቁሮ ከሆነ መታገል አያዋጣም፤ ቆርጦ መጣልና በአዲስ መተካት ይቀላል።

ሁሉም ደርቆ፣ ሁሉም ተጠርጎ፣ ሽታው የማይለቅበት ጊዜ አለ። ከእንጅባራ ወደ ቻግኒ የሚወርድ ሰው ይህን ያውቀዋል። ደጋው ላይ ኤሲ የሚያበራ የለም፤ ወራት ሙሉ ተዘግቶ ይቆያል። ቆላው ሲቀርብና ሙቀቱ ሲበረታ ሹፌሩ ቁልፉን ይጫናል፤ ወዲያው ከክሩስኮቱ ቀዳዳዎች ያደረ ካልሲ የሚመስል ሽታ ይወጣል። ከክሩስኮቱ ጀርባ አየሩን የሚያቀዘቅዝ፣ እንደ ራዲያተር የተደረደረ ቀጭን አልሙኒየም አለ። ኤሲ ሲሠራ ያልበዋል፤ ላቡ በትንሽ ቱቦ ከመኪናው ስር ይንጠባጠባል። ቱቦው በጭቃ ከተደፈነ ውሃው እዚያው ይቀራል፤ በበጋ የተጠራቀመው አቧራ ይረጥባል፤ ሻጋታው ቤት ይሠራል። ኤሲ በርቶ ጥቂት ደቂቃ ከሄደ በኋላ መሬት ላይ ጠብታ ከሌለ ቱቦውን ማየት ያስፈልጋል። ከመድረሻ ጥቂት ደቂቃ ቀደም ብሎ ኤሲውን አጥፍቶ ነፋሱን ብቻ መተው ያንን ብረት ያደርቀዋል፤ ምንም ወጪ የለበትም። ከ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የተሠሩ ብዙ መኪኖች ከክሩስኮቱ መሳቢያ ጀርባ የወረቀት ፊልትሮ አላቸው፤ አንዳንዱ ባለቤት መኪናውን በገዛ በአምስተኛው ዓመት የአይጥ ጎጆ የያዘ ፊልትሮ ያወጣል። የሻገተ ፊልትሮ በኮምፕረሰር ተነፍቶ አይመለስም፤ ይጣላል።

ሽታን መሸፈን የራሱ ታሪክ አለው። መስታወት ላይ የሚንጠለጠለውን ካርቶን ዛፍ የፈጠረው ጁሊየስ ሳማን የተባለ ኬሚስት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1952፣ አሜሪካ፣ ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ። ሲነገር እንደኖረው አንድ የወተት መኪና ሹፌር የፈሰሰ ወተት ሽታ አማርሮት ነበር ሐሳቡን ያመጣለት። በኢትዮጵያ ደግሞ ማጠን አለ። ኅዳር 12 ቀን በየሰፈሩ ቆሻሻ ተሰብስቦ የሚቃጠለው፣ በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሰው ከፈጀው የኅዳር በሽታ ጋር ተያይዞ፣ ጭስ ክፉውን ያስወጣል ከሚል እምነት ነው። ታዲያ መኪናውንም በዕጣን የሚያጥን ሰው ቢኖር አይገርምም። ጭሱ ጣሪያው ጨርቅ ላይ ተለጥፎ ለሳምንታት ይቆያል፤ ከስሩ ያለው ሻጋታ ግን ምንም አልሆነም። ይህ እንኳ የሚታለፍ ነው። የማይታለፈው የጋለ ፍም በማጨሻ አድርጎ ዝግ መኪና ውስጥ ማስቀመጥና አብሮ መቀመጥ ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ይገድላል።

ያልተቀጣጠለ ከሰል ግን ሌላ ነገር ነው፤ አዊ ደግሞ የከሰል አገር ነው። በእንጅባራና በዳንግላ መካከል፣ አዲስ ቅዳም ዙሪያ፣ የፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬ ዲከረንስ የሚባለውን ግራር ከሰብል ጋር ይተክላል፤ በአራት በአምስት ዓመቱ ቆርጦ ያከስለዋል። ዛፉ ባለፉት ዓመታት በዋግ በሽታ ክፉኛ ተመትቷል፤ ቢሆንም ከዚህ የወጣ ከሰል እስከ አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል። ከሰል ሽታ እንደሚይዝ ከታወቀ ቆይቷል። ስኮትላንዳዊው ኬሚስት ጆን ስተንሃውስ እ.ኤ.አ. በ1854 በከሰል የተሞላ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ሠርቶ ነበር። የሽታው ቅንጣቶች በከሰሉ እልፍ አእላፍ ቀዳዳዎች ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ይቀራሉ። በፋብሪካ ከ800 ዲግሪ በላይ በእንፋሎት የተዘጋጀ ከሰል አንድ ግራሙ ከ1,000 ካሬ ሜትር በላይ ገጽ ሊኖረው ይችላል። የጉድጓድ ከሰል እዚያ አይደርስም፤ ቀዳዳዎቹ ከፊሉ በቅጥራን የተደፈኑ ናቸው። ስለዚህ በብዛት ይካሳል፤ ሁለት ሦስት ኪሎ ሰባብሮ፣ ጥቁሩ እንዳይበክል በአቡጀዴ ከረጢት አስሮ፣ በየወንበሩ ስር ለሳምንታት መተው። ሥራውን ሲጨርስ ምድጃ አያጣም። ይህ ሁሉ ግን ከማድረቅ በኋላ ነው፤ እርጥብ ሞኬት ላይ የተቀመጠ ከሰል የሚያመጣው ለውጥ የለም።

በረኪና ብዙ ሰው ቶሎ የሚያነሳው መድኃኒት ነው፤ የጨርቁን ቀለም ይበላል፣ ስፖንጁ ውስጥም ጠልቆ አይገባም። አቼቶ በእኩል ውሃ ተበርዞ ፕላስቲኩን ለመጥረግ ይረዳል። ሁለቱን መቀላቀል ግን ክልክል ነው፤ መርዘኛ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። አረቄ የሚረጩም አሉ። ዳግም አረቄ እንኳ ለዚህ ሥራ የሚፈለገውን 70 በመቶ አልኮል አይሞላም፤ ደግሞም ትራፊክ ፖሊስ መስኮቱን አስወርዶ ሲያሸት የሚሰጠው ማብራሪያ አድካሚ ነው።

ሁሉም ሽታ ሻጋታ አይደለም። ድንች በሚመረትበት አገር ከማዳበሪያ ወጥታ ከወንበር ስር የተንከባለለች አንዲት ድንች ስትበሰብስ መኪናውን ሰው የማይቀርበው ታደርገዋለች፤ ይህ ግን ተፈልጎ የሚገኝ ነው። ቅቤ የፈሰሰበት ሞኬት ኮምጣጣ ሽታ ይይዛል፤ ለብ ባለ ሳሙና እየደጋገሙ ማንሳት ነው። ጣፋጭ ሽታ ከመስታወቱ ቅባታማ ጉም ጋር አብሮ ከመጣ ደግሞ የማሞቂያው ራዲያተር እያፈሰሰ ነው፤ ይህ የመካኒክ ሥራ ነው።

ደርቋል ወይስ አልደረቀም የሚለውን ለመለየት መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም። የገበታ ጨው የአየሩ እርጥበት 75 በመቶ ሲያልፍ ውሃ መሳብ ይጀምራል፤ ክረምት ላይ የጨው ዕቃ የሚረጥበው ለዚህ ነው። ሻጋታም የሚመቸው ከዚያው መጠን ግድም ጀምሮ ነው። ንጹሕ ጨው በሲኒ ማስቀመጫ ላይ ሳስቶ ተበትኖ፣ መስኮቱ ተዘግቶ፣ አንድ ሌሊት ይደር። ጠዋት ጨው ደረቅ ከሆነ ሥራው ተሠርቷል። ውጭው ደረቅ ሆኖ ሳለ ጨው ከረጠበ መኪናው ውስጥ ገና የተደበቀ ውሃ አለ፤ ወደ ሞኬቱና ወደ ጀሪካኑ መመለስ ነው። ጨው ብረት ስለሚበላ ሳይደፉ ማውጣት ያስፈልጋል።

ገዢ ደግሞ ይህን ሁሉ በደቂቃዎች ውስጥ ማድረግ አይችልም። ሻጩ መኪናውን አሳጥቦና ሽቶ ነፍቶበት ያቀርባል፤ ሦስት ዛፍ የተንጠለጠለበት መኪና በራሱ ማስጠንቀቂያ ነው። መስኮቱን ዘግቶ አሥር ደቂቃ ፀሐይ ላይ ማቆየት፣ ከዚያ በሩን ከፍቶ መጀመሪያ የሚመጣውን አየር ማሽተት፤ ሁለተኛው ትንፋሽ አይቆጠርም። የትርፍ ጎማውን ማስቀመጫ ገልጦ በእጅ መዳበስ። የወንበሩን ብሎኖች ማየት፤ ላያቸው የዛገ ከሆነ ወለሉ ላይ ውሃ ቆሞ ያውቃል። በመጨረሻ የደህንነት ቀበቶውን እስከ ጫፉ ስቦ ማውጣት፤ ሻጭ የወንበር ልብስ ይቀይራል እንጂ ቀበቶ የሚቀይር ጥቂት ነው። ጫፉ ላይ የጭቃ መስመር ከታየ መኪናው ጎርፍ ውስጥ ገብቷል፤ ሽታው ቢወጣ እንኳ የኤሌክትሪክ መስመሩ ለዓመታት ጋራዥ ያመላልሳል፤ ዋጋ መቀነስም አያካክሰውም።